ጠገራ ብር ምን ያህል ብርቅ ነው?

ከወልድያ ወደ መርሳ ሲወረድ ባለው የየጁ አገር ጠገራ ብርን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ጥሎሽ የተቆጠረበት፣ በሬ የተገዛበት፣ ለክፉ ቀን ተብሎ በማሰሮ የተቀበረ ገንዘብ ነው። ለልጅ ልጁ ግን ከአያት ሳጥን የወጣ፣ የአንዲት ወይዘሮ ምስል ያለበት ከባድ ክብ ብር ብቻ ነው። ልጁ በስልኩ ፎቶ ያነሳውና ዋጋውን ሲፈልግ፣ ተመሳሳዩ ሳንቲም በባሕር ማዶ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አንዳንዴም ከጎኑ የሰው ፊርማ ተጨምሮበት ሲሸጥ ያያል። የእኛስ ስንት ያወጣል? ብርቅ ነው ወይስ ተራ? ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። በቸልታ የተመለሰ እንደሆነ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይከተላል። አንዱ ቤተሰብ ተራውን ሳንቲም ብርቅ ነው ብሎ ዓመታት ሲጠብቅ ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ እውነተኛውን ብርቅ ለአንጥረኛ በሚዛን ሸጦ ቀለበት ያስደርገዋል። ሁለተኛው ጥፋት የማይመለስ ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል።

በመጀመሪያ የታሸገውና የተፈረመበት ሳንቲም ምን እንደሆነ እንይ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ፒሲጂኤስ፣ በ1987 ደግሞ ኤንጂሲ የተባሉ ድርጅቶች ተመሠረቱ። ሥራቸው ሰው የላከላቸውን ሳንቲም መርምሮ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የአያያዙን ደረጃ በቁጥር መግለጽና በፕላስቲክ መያዣ ማሸግ ነው። ቁጥሩ ከ1 እስከ 70 ይደርሳል። የመለኪያው መነሻ ዊሊያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለአገሩ የቆዩ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ስሌት ነው። በዚህ መለኪያ 60ና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከእጅ ወደ እጅ ያልተዘዋወረ ነው፤ 40ዎቹ ውስጥ ያለው ትንሽ ያገለገለ፣ 20ዎቹ ውስጥ ያለው በግልጽ ያለቀ፣ ከ10 በታች የሆነው ደግሞ ምስሉ እየጠፋ የሄደ ነው።

ፊርማው ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ጆን መርካንቲን ወይም ኤልሳቤጥ ጆንስን የመሰሉ፣ በአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ መምቻ ቤት ዋና ቅርጻ ቅርጽ አውጪ የነበሩ ሰዎች በወረቀት መለያ ላይ በእጃቸው ይፈርማሉ። መለያው ከሳንቲሙ ጋር አብሮ ይታሸጋል። ሳንቲሙን ብዕር አይነካውም። ስለዚህ ገዢው በአንድ ዋጋ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይገዛል፦ ብሩን ራሱን፣ የመርማሪውን አስተያየት፣ የፈራሚውን የእጅ ጽሑፍ። ሦስቱ የየራሳቸው ብርቅነት አላቸው። ሳንቲሙ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘመናዊ ምርት ሆኖ ሳለ የተፈረመበት መለያ ጥቂት መቶ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጥቂት መቶ የወሰነው ግን ሻጩ ነው። ነገ ፈራሚው ሌላ ክምር ቢፈርም ብርቅነቱ ይቀንሳል። የፊርማ ፍቅር ነውር የለበትም፤ ሰው የሚያደንቀውን ባለሙያ እጅ ለመያዝ ይመኛል። ለፊርማው የተከፈለው ግን የሳንቲሙ ዋጋ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

አሁን ወደ ጠገራው እንመለስ። በላዩ ላይ ያለችው ወይዘሮ ማርያ ትሬዛ የኦስትሪያ ገዢ ነበረች፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ በቀይ ባሕር ዙሪያና በኢትዮጵያ ነጋዴ ዘንድ እጅግ ከመታመኑ የተነሣ ተተኪዎቿ በራሳቸው መልክ የመቱትን ብር ነጋዴው አልቀበልም አለ። ስለዚህ የኦስትሪያ መንግሥት የሟቿን መልክና የሞተችበትን ዓመት እንደያዘ መምታቱን ቀጠለ። በየጁ ገበያ ብሩን የሚቀበል ሰው የዘውዷንና የትከሻ ጌጧን ዕንቁዎች በዓይኑ እየመረመረ ይቀበል የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕንቁዎቹ ጥርት ብለው ካልታዩ ብሩ ይመለስበታል። በሥነ ጥበብ አዋቂ ዓይን ሳይሆን በበሬና በጨው ነጋዴ ዓይን የተደረገ ምርመራ ነበር፤ ነገር ግን ምርመራ ነበር፣ ያውም ጥብቅ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር አለ። በጠገራው ላይ የተጻፈው 1780 የሳንቲሙን ዕድሜ አይናገርም። ያን ዓመት የያዘ ብር በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጉንዝቡርግ ተመትቷል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በቪየና፣ በሚላን፣ በቬኒስ፣ በፕራግ ተመትቷል። ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ። ከዚያ በኋላ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ ተከተሉ፤ እንግሊዞች ጣልያንን ከምሥራቅ አፍሪካ ለማስወጣት ሲዘምቱ ቦምቤይ ላይ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በርሚንግሃም ላይ አስመቱ። ቪየና ዛሬም ለሰብሳቢ የሚሆን እየመታች ትሸጣለች። በመሆኑም መርሳ በምትገኝበት በሐብሩ ወረዳ አንድ ቤት ውስጥ ያለው ጠገራ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ሊሆን ይችላል፤ የባለቤቱ አባት እኩያም ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ አንድ ዓይነት ነው።

ልዩነቱ የሚገኘው በጥቃቅን ምልክቶች ነው። ከወይዘሮዋ ምስል በታች ኤስ እና ኤፍ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። የጉንዝቡርግ መምቻ ቤት ኃላፊዎች የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስሞች መነሻ ፊደላት ናቸው። ሰዎቹ ካለፉ በኋላም ፊደላቱ እየተቀዱ ስለኖሩ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። ጠንቃቃ መርማሪ የንስሩን የጅራት ላባዎች ይቆጥራል፣ የትከሻ ጌጡን ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ የነጥቦቹን አቀማመጥና የፊደላቱን ቅርጽ ያያል፣ በጠርዙ ላይ ዙሪያውን የተጻፈውን የላቲን ቃል ይመለከታል። ቫልተር ሃፍነር የተባለ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1984 እነዚህን ልዩነቶች በየመምቻ ቤቱ ለይቶ ያወጣው መጽሐፍ እስካሁን የሰብሳቢዎች መመሪያ ነው። የወልድያ ነጋዴ በገበያ ቀን ያደርግ የነበረው ዕንቁ ቆጠራና የሃፍነር ሥራ በዓላማ ቢለያዩም በዘዴ አንድ ናቸው፤ ይህን በኩራት መናገር ይቻላል።

ሚዛንም ይረዳል። እውነተኛ ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ይህ ማለት 23.39 ግራም ንጹሕ ብር በውስጡ አለ። የዕለቱን የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ በ23.39 ያባዛ ሰው የጠገራውን የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ያገኛል። ከዚያ በታች የሚሰጥ ገዢ ሻጩን እየጎዳ ነው። ሳንቲሙ የተለመደ ዓይነት ከሆነ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የተመታ ነውና፣ ከዚያ ዋጋ ብዙ ከፍ አይልም። ይህን ለባለቤቱ በግልጽ መንገር ደግነት ነው። ጠገራ ለቤተሰቡ ክቡር ነው፤ ለገበያው ግን በአብዛኛው ብርቅ አይደለም።

ታዲያ ብርቅነት በምን ይለካል? ሰብሳቢዎች ለዚህም ሌላ የሼልደን መለኪያ አላቸው፤ ስምንት ደረጃዎች አሉት። በመጨረሻው ደረጃ የሚመደበው በዓለም ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ብቻ የሚታወቅ ነው፤ በሰባተኛው ከ4 እስከ 12፤ በስድስተኛው ከ13 እስከ 30። ከ1250 በላይ የሚታወቅ ከሆነ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ማለትም ተራ ነው። ልብ መባል ያለበት፣ ይህ መለኪያ የሚቆጥረው የተመታውን ብዛት ሳይሆን የተረፈውን ነው። የተመታውና የተረፈው ደግሞ እንደ ወሎ ባለ አገር በጣም ይለያያሉ።

ለምን ቢባል፣ ብር በወሎ ገንዘብ ብቻ ሆኖ አልኖረም። አንጥረኛው ጠገራውን አቅልጦ የአንገት መስቀል፣ አምባር፣ የእግር አልቦ፣ የጆሮ ጉትቻ አድርጎታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ሲድር ጌጡ ከዚያው ብር ነው የተሠራው። ሌላው ሳይቀልጥ ጆሮ ተበይዶለት ወይም ተበስቶ በማተብና በዛጎል መካከል ተሰክቷል። ሌላው በማሰሮ ተቀብሮ፣ ቀባሪው በጦርነት ወይም በረሃብ ሲያልቅ፣ እዚያው መሬት ውስጥ ቀርቷል። የፓሪስ ወይም የቪየና መዝገብ ስንት እንደተመታ ይነግረናል። ስንቱ እንደቀለጠ የሚያውቀው ግን የአንጥረኛው ከውር ነው፤ መዝገብም አልያዘም።

የምኒልክ ብር የዚህ ልዩነት ዋና ማሳያ ነው፤ ታሪኩም ከሐብሩ ሩቅ አይደለም። ከመርሳ በስተደቡብ፣ ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ይደረሳል። በዚያው በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር የውጫሌ ውል ተፈረመ። ለክርክር ምክንያት ስለሆነው 17ኛው አንቀጽ ሁሉም ያውቃል። በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ራስ መኰንን (ያኔ ደጃዝማች) ጣልያን አገር ሄደው በተፈራረሙት ተጨማሪ ውል ውስጥ ስለ ገንዘብ የተጻፈውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ንጉሠ ነገሥቱ ለአገራቸው ገንዘብ ማውጣት ይችላሉ፤ የገንዘቡ ክብደትና ዋጋ ግን ከጣልያን ጋር በስምምነት ይወሰናል፣ የሚመታውም በጣልያን መምቻ ቤት ይሆናል የሚል ሐሳብ ነበረበት። ምኒልክ ያን መንገድ አልሄዱበትም። በየካቲት 1885 ዓ.ም. የራሳቸው ገንዘብ እንዲወጣ አዋጅ አወጡ፤ በዚያው ወር የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ገንዘቡም ሮም ሳይሆን ፓሪስ ላይ ተመታ። 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበትና ኤ የሚል የፓሪስ ምልክት የያዘ የምኒልክ ብር በእጁ የገባለት የሐብሩ ሰው፣ በቤቱ ደጃፍ የተጀመረ ክርክር ያገኘውን መልስ ነው የያዘው።

ብሩ 28.075 ግራም ይመዝናል፣ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ማለትም ጠገራውን እንዲተካ ሆን ተብሎ በጠገራው ልክ ተሠራ። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፉ ምኒልክ፣ በሌላው መስቀል ያለበትን በትር የያዘ አንበሳ አለ። ንዑሳኑ አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽ እያሉ ይወርዳሉ። ሰብሳቢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው አንበሳው ያነሳው እግር ቀኙ ነው ወይስ ግራው የሚለውን ነው፤ ዓይነቶቹ በዚህ ይለያሉና። ገበሬውና ነጋዴው ግን የለመደውን ጠገራ መርጦ ስለነበር፣ የምኒልክ ብር ከአዲስ አበባ ርቆ ለመግባት ብዙ ተቸገረ። እንግዲህ በወልድያ ወይም ግራና በተባለው ሸለቆ የተገኘ የምኒልክ ብር በአዲስ አበባ ከተገኘው የበለጠ ጥያቄ ያስነሳል። ማን አመጣው? መቼ? ነጋዴ ነው ወይስ ከዓድዋ ዘመቻ ጋር በወሎ ያለፈ ወታደር? ለዚህ መልስ ሊሰጥ የሚችለው የተገኘበት ቤት ወሬ ብቻ ነው።

ጣልያኖችም በበኩላቸው ሞክረው ነበር። ለኤርትራ ቅኝ ግዛታቸው በንጉሥ ኡምቤርቶ ምስል እ.ኤ.አ. በ1891 ያስመቱት ታለሮ ከሺህ 800 እጁ ብቻ ብር ስለነበር ከጠገራው ያነሰ ነበር፤ ነጋዴው ወዲያው ነቃበት። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ማርያ ትሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጸው ሌላ አወጡ፤ እሱም ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም። ዛሬ እነዚህ የተናቁት ታለሮዎች በሰብሳቢ ዘንድ ከተለመደው ጠገራ ይልቅ ይፈለጋሉ። ነጋዴው ስላልወደዳቸው ብዙ አልተመቱም፣ ብዙም አልተረፉም። አንድ የወሎ ቤተሰብ ከጠገራዎቹ መካከል መልኳ ትንሽ ለየት ያለች ሴት ካየ፣ ለይቶ ያስቀምጣት።

ብርቅነትን ለመረዳት ብር የሆነ ሳንቲም ብቻ መፈለግ አያስፈልግም። በጃንሆይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጡት፣ 1936 የሚል የተጻፈባቸው ሳንቲሞች ጥሩ ትምህርት ይሰጣሉ። በነሱ ላይ ያለው 1936 ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ሲመታ ስለኖረ፣ እዚህም እንደ ጠገራው ዓመቱ ዕድሜ አይናገርም። ከመካከላቸው የ25 ሳንቲሟ ታሪክ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ የወጣችው ክብ የመዳብ ሳንቲም ነበረች። አጭበርባሪዎች ብር እየቀቧት የ50 ሳንቲም ብር አስመስለው ስላስቸገሩ ተሰብስባ ጠርዟ ወጣ ገባ በሆነው ተተካች። ዛሬ ወጣ ገባዋ በየቦታው ትገኛለች፤ ክቧ ግን ብርቅ ናት። አንዲት የመዳብ ሳንቲም ከአንድ ሙሉ ጠገራ የበለጠ ልታወጣ የምትችለው በዚህ መንገድ ነው። በመሳቢያ ውስጥ የተረሱ ሳንቲሞች ያሉት ሰው ጠርዛቸውን ይዳስስ።

በደርግ ዘመን የወጡት 1969 የሚል የተጻፈባቸው ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። የአንበሳው ራስ በአንዳንዱ ተለቅ፣ በሌላው አነስ ይላል፤ የአገጩ ጠጉሮችም ይለያያሉ። መምቻ ቤታቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። እነዚህ ዛሬ ርካሽ ናቸው፤ ለጀማሪ ሰብሳቢ ግን ዓይን ማሠልጠኛ የሚሆን ከነሱ የተሻለ የለም፣ ለተማሪ ኪስም ይስማማሉ።

አሁን የታሸገው ሳንቲም ስለሚያመጣው የስሌት ወጥመድ ልናገር። ደረጃ ሰጪዎቹ ድርጅቶች እያንዳንዱ ዓይነት ሳንቲም ስንቱ እንደቀረበላቸውና ምን ቁጥር እንዳገኘ የሚያሳይ ቆጠራ ያወጣሉ። ሻጮች ይህን ይዘው «ከዚህ የተሻለ በዓለም ላይ ሦስት ብቻ አለ» ይላሉ። ለአሜሪካ ሳንቲም፣ እጅግ ብዙ ሰው ስለሚያስመረምር፣ አባባሉ የተወሰነ እውነት አለው። ለኢትዮጵያ ሳንቲም ግን የሚልከው ሰው ጥቂት ነው። ቆጠራው የሚነግረን የተላኩትን እንጂ ያሉትን አይደለም፤ በሐብሩ ሳጥኖች ውስጥ ያለውን የምኒልክ ሩብ ማንም ቆጥሮ አያውቅም። አንዱን ሳንቲም የተሻለ ቁጥር ፍለጋ ደጋግሞ የሚልክም ስላለ ቆጠራው በሌላ በኩል ደግሞ ሊያብጥ ይችላል። በጥቂት ቆጠራ ተመርቶ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው፣ ነገ አንድ ማሰሮ ሲገኝ ዋጋው ይወድቅበታል። እኔ በኢትዮጵያ ሳንቲም ላይ ይህን ቆጠራ እንደ ብርቅነት ማስረጃ አልቀበለውም።

የድርጅቶቹ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፦ ሐሰተኛውን በመለየት። በሻጋታ ቀልጦ የፈሰሰ ጠገራ ብዙ ነው፤ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ጠርዙ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል፣ ክብደቱም ይዛባል። ማግኔት የሚይዘው ከሆነ ጥያቄ የለውም፣ ብር አይደለም። የፕላስቲኩ መያዣም ራሱ በሐሰት ስለሚሠራ፣ በመለያው ላይ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ መዝገብ ፈልጎ ከፎቶው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ፊርማም እንደዚሁ ይጭበረበራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እጥበቱ ነው። አሮጌ ብር ሲገኝ የመጀመሪያው ሐሳብ በሎሚና በአመድ ማሸት ነው፤ እናት ለእንግዳ እንዲያምር ብላ ታደርገዋለች፣ አንጥረኛውም ለሥራው ልማድ ብሎ ያደርገዋል። ብሩ ያብረቀርቃል፤ ግን በፊቱ ላይ ያለው የመቶ ዓመት ጥቁረት ሲነሳ የላይኛው ስስ ገጽ አብሮ ይነሳል። መርማሪው በማጉያ መነጽር ጭረቶቹን ያያል፤ ድርጅቶቹም እንዲህ ላለው ሳንቲም «የታጠበ» ብለው ጽፈው ቁጥር ይከለክሉታል። ጆሮ የተበየደለትና የተበሳውም በዚሁ ሕግ ይቀጣል። እዚህ ላይ ግን ከባሕር ማዶው መለኪያ ጋር አልስማማም። በሙሽራ አንገት ላይ አርባ ዓመት የኖረ ባለ ጆሮ ጠገራ እንደ ሳንቲም ተጎድቷል፤ እንደ ወሎ ጌጥ ግን ሙሉ ነው። ጆሮውን ነቅሎ «ለማስተካከል» የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያጠፋል፣ ምክንያቱም የብየዳው ጠባሳ አይጠፋም፣ ጌጡም ጌጥ መሆኑ ይቀራል።

ፊርማ ለሚወድ ሰው ደግሞ በኢትዮጵያ ገንዘብ ውስጥ እውነተኛ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ሳንቲም አይደለም፣ የወረቀት ብር ነው። የባንኩ ገዥ ፊርማ በኖቱ ላይ ታትሞ ይወጣል፤ ገዥው ሲቀየር ኖቱ መልኩን እንደያዘ ፊርማው ይቀየራል። በ1937 ዓ.ም. በወጡት የጃንሆይ ብሮች ላይ አሜሪካዊው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ ፈርሟል፤ ከሱ በኋላ የቤኔትና የሮዜል ፊርማዎች ተከትለዋል። ከዚያ የአቶ ምናሴ ለማ ፊርማ መጣ። 1969 የሚል ዓመት ያላቸው ኖቶች ላይ የታደሰ ገብረ ኪዳንና የበቀለ ታምራት ፊርማዎች ይገኛሉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው 200 ብር የይናገር ደሴን ፊርማ ይዞ ወጥቷል። በአንድ መልክና በአንድ ዓመት የታተሙ ሁለት ኖቶች በፊርማቸው ብቻ ሊለዩ ይችላሉ፤ አንዱ ፈራሚ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሠርቶ ከሆነ የሱ ኖት ያነሰ ነው። ይህ ብርቅነት ከታሪክ የመጣ ነው፤ ሻጭ ቁጭ ብሎ የወሰነው አይደለም። ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ የወልድያ ሰብሳቢ ከባሕር ማዶ የተፈረመ መለያ ከሚያስመጣ ይልቅ የገዥዎቹን ፊርማ በየተራቸው ቢያሟላ እመርጥለታለሁ።

የወረቀት ብር አያያዝ ከብር ይለያል። ማጠፍ ይቆርጠዋል፣ በፕላስተር መጠገን ያበላሸዋል፣ የኩሽና ጭስና እርጥበት ይበላዋል። በደረቅ ቦታ፣ ሳይታጠፍ፣ ከፀሐይ ርቆ መቀመጥ አለበት። ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማስወጣት ይከለክላል፤ በቁፋሮ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያዛል። ለደረጃ ብሎ የቆየ ሳንቲም ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣን መጠየቅ አለበት። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያንና ሐብሩን ሲያዳርስ ብዙ ቤት ተዘርፏል፣ ደሴ ያለው የወሎ ሙዚየምም ጉዳት ደርሶበታል። ከዚያ ወዲህ ምንጩ የማይታወቅ አሮጌ ዕቃ ሲቀርብለት ከማን እንደመጣ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው የጎረቤቱን ንብረት ሊገዛ ይችላል።

በቤቱ አሮጌ ብር ያለው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ሳያጥብ ይመዝነው፤ ሁለቱን ፊትና ጠርዙን በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሳው፤ ከዚያ ከብሩ ጋር የሚቀመጥ ወረቀት ይጻፍ። የማን ነበር፣ ከየት ቀበሌ መጣ፣ በምን አጋጣሚ ተገኘ፣ ለጥሎሽ ነው ወይስ ለጨው ንግድ? አያትየው በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠየቁ። በገበያ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት የምኒልክ ብሮች ቢቀርቡና አንዱ እንዲህ ያለ ታሪክ ቢኖረው፣ ለተመራማሪ ጭራሽ አይወዳደሩም፤ አዋቂ ሰብሳቢም ለታሪኩ ይጨምራል። ምንም ያህል ቢታሸግ፣ ይህን ፕላስቲክ አይሰጥም።

ማሳ ሲታረስ ወይም መሠረት ሲቆፈር ማሰሮ ሙሉ ብር ከተገኘ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። ጠገራዎቹ ሁሉ 1780 ስለሚሉ ማሰሮው መቼ እንደተቀበረ አይነግሩንም። የሚነግሩን አብረዋቸው ያሉት ናቸው። በመካከላቸው 1889 የሚል የምኒልክ ብር ካለ ማሰሮው ከዚያ ዓመት በፊት አልተቀበረም፤ የኡምቤርቶ ታለሮ ካለም ነጋዴው ከምጽዋ ጋር ይገናኝ እንደነበር ይጠቁማል። የ1936 ሳንቲም ከተገኘበት ደግሞ የተቀበረው ከጣልያን መውጣት በኋላ ነው። ወንድማማቾች እዚያው ማሳው ላይ ተካፍለው አንዱ ለአንጥረኛ፣ ሌላው ለደላላ ከሸጠ ግን ሳንቲሞቹ በየገበያው ይበተናሉ፣ ጊዜውን የሚናገረው አንዱ ብር ከሌሎቹ ይለያል። ስለዚህ ማሰሮው እንደተገኘ የሳንቲሞቹ ብዛትና ዓይነት በአንድነት ተቆጥሮ ይጻፍ፣ ስባሪ ሸክላውም ሳይጣል ይቀመጥ፣ ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነገር።